«የዝናብ ቀን» እና «ክፉ ቀን»፦ የእንግሊዝኛን የገንዘብ ፈሊጦች በአቻ ስለመተካት

መንደርደሪያ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በነበረበት ጊዜ ስለ አንድ ኩባንያ የሚያትት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቦ ለክፍል ጓደኞቹ እንዲያስረዳ ታዝዞ ነበር። ጽሑፉ ኩባንያው ከብዙ ዓመታት ውጣ ውረድ በኋላ «ኢን ዘ ብላክ» መሆኑን ይገልጻል። አቅራቢው «ብላክ» ጥቁር ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ «ጥቁር ገበያ» የሚለውንም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ አድጓል። ስለዚህ ኩባንያው በመጨረሻ ሕገ ወጥ ንግድ ውስጥ መግባቱን በሙሉ ልብ አስረዳ። የጽሑፉ ሐሳብ ግን ተቃራኒው ነበር፤ ኩባንያው ከኪሳራ ወጥቶ ማትረፍ ጀምሯል ማለቱ ነው። ስሕተቱ በሳቅ ታለፈ። እያንዳንዱን ቃል የሚያውቅ አንባቢ የዐረፍተ ነገሩን መልእክት ሊገለብጥ የቻለው ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም።

ጥያቄው ከአንድ ተማሪ ስሕተት ያለፈ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጓል። ኢኮኖሚክስ፣ ሒሳብ አያያዝ ወይም ሥራ አመራር የሚያጠና ተማሪ የሚያነባቸው መጻሕፍት ስለ ገንዘብ ሲናገሩ ፈሊጥ ያዘወትራሉ። ተማሪው ለድኅረ ምረቃ ሲበቃ ደግሞ ሌላ ኃላፊነት ይጨመርበታል፤ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መጠይቅ ወደ አማርኛ ተርጉሞ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድርና ስለ ቤተሰብ ወጪ መረጃ ይሰበስባል። በመሆኑም ፈሊጥን አሳስቶ መረዳት ከመማሪያ ክፍል ተነሥቶ እስከ ጥናቱ ግኝት ድረስ ይዘልቃል።

ፈሊጦችን ለማስተማር የተለመደው ዘዴ አቻ መስጠት ነው። በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ፈሊጥ፣ በቀኝ በኩል የአማርኛው አቻ ይሰፍራል፤ ተማሪውም ጥንዱን ይሸመድዳል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ዘዴው ለገንዘብ ፈሊጦች እንደማይበቃ፣ አንዳንድ ጊዜም እንደሚያሳስት ማሳየት ነው። ከአቻው በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል። ፈሊጡ የተነሣበት ምስል ምንድን ነው? ተናጋሪው በነገሩ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ምንድን ነው? የሚጠቁመው መጠንስ ምን ያህል ነው?

ምስሉ

«ኢን ዘ ብላክ» እና ተቃራኒው «ኢን ዘ ሬድ» ከሒሳብ መዝገብ የተወሰዱ ናቸው። ሒሳብ በእጅ ይጻፍ በነበረበት ዘመን ጸሐፊው ትርፉን በጥቁር፣ ጉድለቱን በቀይ ቀለም ይመዘግብ ነበር። ይህን መዝገብ በዓይነ ሕሊናው ያየ ተማሪ ሁለቱን ፈሊጦች ዳግመኛ አያምታታቸውም። መዝገቡን ያላየ ግን ለቀለማቱ ከራሱ ባህል ፍቺ ይሰጣቸዋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ቀለማቱ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በብራና መጻሕፍት የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም የሚጻፈው በቀይ ቀለም ነው፤ ቀዩ የክብር ቀለም ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ቀይ እስክሪብቶ የመምህሩ ማረሚያ ነው። በገበያ ቋንቋ «ጥቁር» ከሕግ ውጭ መሆንን ያመለክታል። እነዚህን ሁሉ ይዞ የመጣ አንባቢ ተሳሳተ ቢባል ከዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀውን ባልተገባ ቦታ ስላዋለው ነው።

ምስሉን መግለጥ አንዳንዴ የራቀ የሚመስለውን ፈሊጥ ወደ አገር ቤት ያቀርበዋል። «ኔስት ኤግ» ለወደፊት የተቀመጠ ጥሪት ነው። ቃል በቃል «የጎጆ እንቁላል» ተብሎ ሲተረጎም ግን አማርኛ አንባቢውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል፤ «ጎጆ መውጣት» ትዳር መመሥረት ስለሆነ ለሠርግ ወይም ለአዲስ ቤት የተያዘ ገንዘብ ሊመስለው ይችላል። ምስሉ ግን ለዶሮ አርቢ እንግዳ አይደለም። እንቁላል ሲሰበሰብ ዶሮዋ ወደዚያው ቦታ ተመልሳ እንድትጥል አንዱ ይተውላታል። ጥሪቱም እንደዚያ ነው፤ ሌላውን የሚስበው የመጀመሪያው ተቀማጭ ነው። ገጠር ያደገ ተማሪ ይህን ለመረዳት ከአንድ ደቂቃ በላይ አያስፈልገውም፤ አቻ ፍለጋው ግን ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ይህ አስተያየት የቋንቋ ጥናት መሠረት አለው። ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ተለዋጭ ዘይቤ የንግግር ጌጥ ብቻ ሳይሆን የማሰቢያ መንገድ መሆኑን ተከራክረዋል። ከምሳሌዎቻቸው አንዱ ጊዜን በገንዘብ መመሰል ነው፤ ሰው ጊዜን «ያወጣል»፣ «ይቆጥባል»፣ «ያባክናል»። ፍራንክ ቦርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣቸው ጥናቶች የውጭ ቋንቋ ተማሪዎች የፈሊጥን መነሻ ምስል እንዲያስተውሉ ማድረግ ቃላቱን ለማስታወስም ሆነ የኢኮኖሚክስ ጽሑፎችን ለመረዳት እንደሚረዳ አሳይቷል። እንግዲህ ምስሉን ማስተማር ለጨዋታ ማሳመሪያ የሚደረግ ትርፍ ሥራ አይደለም።

ፍርዱ

ምስሉ ቢታወቅም ፍርዱ ሊስት ይችላል። «ቀበቶን ማጥበቅ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ እንውሰድ። በእንግሊዝኛ ወጪን መቀነስ ነው፤ ምግቡ ያነሰበት ሰው ወገቡ ስለሚቀጥን ቀበቶውን ያጠብቃል። በአማርኛ ግን ወገብን ጠበቅ አድርጎ መታጠቅ ለሥራ ወይም ለትግል መነሣት ነው። «በኑሮ ውድነቱ ምክንያት ቤተሰቦች ቀበቷቸውን አጠበቁ» ተብሎ የተተረጎመ ዐረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ቤተሰቦቹ ይበልጥ መሥራት እንደጀመሩ ሊረዳ ይችላል። ዋናው ጽሑፍ የሚለው ደግሞ ፍጆታቸውን ቀነሱ ነው። በኢኮኖሚክስ አንዱ የፍጆታ፣ ሌላው የጉልበት አቅርቦት ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን ያምታታ የጽሑፍ ዳሰሳ የተሳሳተ መላ ምት ይወልዳል።

ለዚህ ፈሊጥ የሚቀርበው የአማርኛ አገላለጽ ሌላ ነው፤ «አንጀትን ማሰር»። እርሱም ቢሆን በፍርድ ይለያል። «እናቱ አንጀቷን አስራ አስተማረችው» ሲባል ለሌላ ሰው ሲባል የተከፈለ መሥዋዕትነት ይነገራል፤ በውስጡ ምስጋናና ዕዳ አለ። የእንግሊዝኛው ፈሊጥ ለግለሰብም ለመንግሥት በጀትም በእኩል የሚነገር፣ ለማን ሲባል የሚለውን ጥያቄ የማያነሣ አገላለጽ ነው። አንዱን በሌላው የተካ ተርጓሚ ያልነበረ ስሜት ወደ ጽሑፉ ያስገባል፣ ወይም የነበረውን ያወጣል።

«ካሽ ካው» የሚለው ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እጅግ ቅርብ ስለሚመስል የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በሥራ አመራር ትምህርት ቃሉ የታወቀው የቦስተን አማካሪ ቡድን መሥራች ብሩስ ሄንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ካስተዋወቀው የዕድገትና የገበያ ድርሻ ሠንጠረዥ ጋር ተያይዞ ነው። በሠንጠረዡ «የምትታለብ ላም» የምትባለው ዕድገቱ በቀዘቀዘ ገበያ ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ የያዘች የንግድ ክፍል ናት። ለራሷ ከሚያስፈልጋት በላይ ገንዘብ ታመነጫለች፤ ትርፉም ተስፋ ወደሚጣልባቸው ሌሎች ክፍሎች ይዛወራል። በእኛ አርሶ አደር ቤት ጥገት ላም ከሁሉም ከብት በላይ የምትቀለብና የምትጠበቅ ናት። በዚህ ምስል የሚመራ ተማሪ «ይህች ክፍል የምትታለብ ላም ስለሆነች መዋዕለ ንዋይ ሊጨመርላት ይገባል» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሠንጠረዡ ግን ወተቱን ለሌላው አጠጣ ይላል። በአገራችንም ቴሌኮሙ በመንግሥት ብቸኛ ይዞታ ሥር በነበረባቸው ዓመታት በዚሁ ስም ሲጠራ፣ አንዱ ሰሚ ውዳሴ ሌላው ብዝበዛ አድርጎ ይረዳው ነበር። ቃሉ አንድ ሲሆን ፍርዱ ሁለት ነበር።

መጠኑ

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚረሳ፣ ለተመራማሪ ግን ከሁሉም የከበደ ነው። እንግሊዝኛው «ለዝናባማ ቀን መቆጠብ» ሲል አማርኛው «ለክፉ ቀን ማስቀመጥ» ይላል። በአቻ ዝርዝሮች ውስጥ እንደዚህ ጥንድ ያለ የተስማማ ያለ አይመስልም። ምስላቸው እንደሚለያይ ግልጽ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ለሚጠብቅ ደገኛ ገበሬ ክፋቱ የዝናቡ መቅረት እንጂ መምጣቱ አይደለም። ጥንዱን የሚያጣምደው ትርጉሙ ነው ይባላል፤ ሁለቱም ለችግር ጊዜ መጠባበቂያ መያዝን ይገልጻሉና።

ይሁን እንጂ የችግሩ መጠን አንድ አይደለም። የእንግሊዝኛው ዝናባማ ቀን የሚመጣ የሚሄድ ነው፤ በግል ገንዘብ አያያዝ መጻሕፍት የሚጠቀሱት ምሳሌዎች የመኪና ብልሽት፣ የሕክምና ወጪ፣ ለጥቂት ወራት ሥራ ማጣት ናቸው። «ክፉ ቀን» ግን በታሪካችን የተጸውዖ ስም እስከ መሆን ደርሷል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የዘለቀው ታላቅ ረኀብ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬዎችን ፈጀ፤ በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት፤ ሕዝብ አለቀ። ቃሉ ዛሬም ቢሆን ይህን ክብደት ሙሉ በሙሉ አልጣለም። ሞት፣ ስደት፣ ጽኑ ሕመም፣ የንብረት ውድመት ክፉ ቀን ይባላሉ፤ የማቀዝቀዣ መበላሸት ግን ክፉ ቀን አይባልም።

አሁን አንድ ተመራማሪ መጠይቁን ተርጉሞ «ለክፉ ቀን የሚሆን ገንዘብ ያስቀምጣሉ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይሆናል? አንዲት መላሽ በየወሩ ለዕድር ስለምታዋጣ «አዎ» ልትል ትችላለች፤ በቤቷ ግን ለአንድ ሳምንት የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ላይኖር ይችላል። ሌላው መላሽ በባንክ የሁለት ወር ደመወዙን ይዞ «ለክፉ ቀን ምን ይበቃል?» በሚል ስሜት «የለም» ሊል ይችላል። ዋናው መጠይቅ ሊለካ የፈለገው ሁለተኛው ሰው ያለውን ዓይነት ተቀማጭ ነበር። ውጤቱ ተገላብጦ ተመዘገበ ማለት ነው።

ይህን ስሕተት የተለመደው የማጣሪያ ዘዴም ላይዘው ይችላል። የተተረጎመ መጠይቅ ትክክለኛነት ከሚረጋገጥባቸው መንገዶች አንዱ ሌላ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ማድረግ ነው። ሁለተኛው ተርጓሚም ያንኑ የአቻ ዝርዝር አጥንቶ ያደገ ስለሆነ «ክፉ ቀን» የሚለውን ሳያመነታ «ዝናባማ ቀን» ብሎ ይመልሰዋል። ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቅጂዎች ቃል በቃል ይገጥማሉ፤ ፈተናው ታለፈ ይባላል። አቻው ጉድለቱን የሚሸፍነው በዚህ መንገድ ነው።

በምስልም በትርጉምም ፍጹም የሚገጥሙ ፈሊጦችስ? «ከእጅ ወደ አፍ» እና የእንግሊዝኛው «ሃንድ ቱ ማውዝ» እንዲህ ያሉ ናቸው። ችግር የማይፈጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ኢኮኖሚክስ ቃሉን የሙያ ስያሜ አድርጎታል። ግሬግ ካፕላን፣ ጆቫኒ ቪዮላንቴና ጀስቲን ዋይድነር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት «ከእጅ ወደ አፍ የሚኖሩ ባለጸጎች» ስለሚሏቸው ቤተሰቦች ጽፈዋል። እነዚህ ቤትን የመሰለ ቶሎ የማይሸጥ ሀብት ኖሯቸው በእጃቸው ግን ጥሬ ገንዘብ የሌላቸው ናቸው። አማርኛ አንባቢ ዘንድ ከእጅ ወደ አፍ መኖር ድህነት ስለሆነ ርእሱ ራሱን በራሱ የሚቃረን ይመስላል። ሐሳቡ ግን ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም፤ በረቱ በከብት ተሞልቶ ለልጁ ደብተር መግዣ የሚያጣ አርሶ አደር ከዚሁ ክፍል ይመደባል። ለተመራማሪው ጠቃሚ ሊሆን የሚችለው ይህ ግንዛቤ ቃሉን በአቻው ብቻ ላለፈው ሰው ይሰወርበታል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ የምርምር ጽሑፍ ፈሊጥ ስለማያበዛ ጉዳዩ የጎን ነው የሚል ነው። ተራ የመንገድ ፈሊጦች በምርምር ጽሑፍ እንደማይበዙ እውነት ነው። ከላይ የተጠቀሱት ግን ተራ ፈሊጦች አይደሉም፤ ሠንጠረዥ፣ ርእስና የመጠይቅ ዐረፍተ ነገር ሆነው የሙያው አካል ሆነዋል። «ቦተም ላይን» ማለት በትርፍና ኪሳራ መግለጫ ግርጌ የሚሰፍረው የተጣራ ውጤት መሆኑን የማያውቅ ተማሪ ቃሉን «ዝቅተኛው ወሰን» አድርጎ ቢረዳው የሚስተው ዋናውን ድምዳሜ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቋንቋ ፍቅር የሚመነጭ ነው። አማርኛ ስለ ገንዘብ የሚናገርበት ሀብታም ፈሊጥ ስላለው ተርጓሚው እርሱን መጠቀም አለበት ይላል። ሀብቱ አያጠራጥርም። «እጅ አጠረኝ» እንላለን፤ ገንዘብ የሚያስገኘውን ተጨማሪ «ወለድ» ብለን ከመውለድ ጋር አዛምደነዋል፤ ጥንታውያን ግሪኮችም ለወለድና ለልጅ አንድ ቃል ነበራቸው። «ዕዳው ገብስ ነው» ስንል ዕዳም ገብስም በሌለበት ነገሩ ቀላል መሆኑን እንገልጻለን። ለልብ ወለድና ለጋዜጣ ትርጉም ይህን ሀብት መጠቀም ተገቢ ነው፤ አንባቢው የሚሻው ጣዕሙን ነውና። በመለኪያ መሣሪያ ላይ ግን ጣዕም ከልኬት አይቀድምም። እንዲያውም የአማርኛ ፈሊጥ የራሱ ምስል፣ ፍርድና መጠን እንዳለው የሚያምን ሰው የሌላ ቋንቋ ፈሊጥ ጥላ ሊያደርገው አይገባም።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ የገንዘብ ፈሊጦች ትምህርት ለእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን ብቻ የሚተው ሊሆን አይገባም። የሒሳብ መዝገቡን ታሪክ የሚያውቀው የሒሳብ አያያዝ መምህር ነው፤ የላሟን ሠንጠረዥ የሚያስተምረው የሥራ አመራር መምህር ነው። ቃሉ በትምህርቱ ውስጥ ሲነሣ በዚያው ቅጽበት ምስሉን፣ ፍርዱንና መጠኑን በአማርኛ ወይም ተማሪዎቹ በሚናገሩት ሌላ ቋንቋ ማስረዳት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል።

ሁለተኛ፣ መጠይቅ የሚተረጉም ተመራማሪ ፈሊጥ ባየ ቁጥር አቻ ከመፈለግ ይልቅ ፈሊጡን ይፍታ። ታላላቅ ጥናቶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የገቢና የኑሮ ሁኔታ ጥናት ቤተሰቡ «ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት» ይችል እንደሆነ በእንግሊዝኛ ፈሊጥ ከጠየቀ በኋላ፣ ይኸውም የተለመዱ አስፈላጊ ወጪዎቹን መክፈል ይችል እንደሆነ ብሎ እዚያው ያብራራል። የዓለም ባንክ ግሎባል ፊንዴክስ ስለ መጠባበቂያ ገንዘብ ሲጠይቅ ዝናባማ ቀንን አያነሣም፤ መላሹ የተወሰነ ገንዘብ በ30 ቀናት ውስጥ ማግኘት ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። መጠንና ጊዜ በግልጽ ሲነገሩ ለትርጉም ስሕተት የሚቀረው ቦታ ይጠባል። የእኛም ጥያቄ «ድንገተኛ ወጪ ቢገጥምዎ ሳይበደሩ ይህን ያህል ብር በአንድ ወር ውስጥ ማግኘት ይችላሉ?» ሊሆን ይችላል። ውበት ይጎድለው ይሆናል፤ መልሱ ግን ይታመናል።

ሦስተኛ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ መተርጎም ብቻውን እንደ ማረጋገጫ አይወሰድ። ከዋናው መረጃ ስብሰባ በፊት ጥቂት መላሾች ጥያቄውን በራሳቸው አገላለጽ እንዲደግሙት፣ ምሳሌም እንዲሰጡበት ይጠየቁ። «ክፉ ቀን» ሲባል ምን እንደታሰባቸው ከአንደበታቸው የሰማ ተመራማሪ ጥያቄውን ሳያስተካክል ወደ ሥራ አይገባም። አማካሪዎችና ፈታኞችም በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ መጠይቁ መተርጎሙን ብቻ ሳይሆን ፈሊጦቹ እንዴት እንደተፈቱ የሚያሳይ አንድ ገጽ ቢጠይቁ ልማዱ በጥቂት ዓመታት ይለወጣል።

የአቻ ዝርዝሮች ይቃጠሉ የሚል ሐሳብ እዚህ አልቀረበም። ለጀማሪ መንደርደሪያ ይሆናሉ፤ ለጨዋታም ይመቻሉ። ጥፋቱ የሚመጣው ዝርዝሩ የመረዳት ማብቂያ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። «ኢን ዘ ብላክ» የሚለውን ያሳሳተው ተማሪ በዕለቱ ያጣው አቻ ቃል አልነበረም፤ መዝገቡን የሚያሳየው ሰው ነበር። ያ ስሕተት በክፍል ውስጥ ስለተፈጸመ ማንንም አልጎዳም። በመጠይቅ ላይ ሲፈጸም ግን ሳቅ እንኳ አይሰማም፤ በሠንጠረዥ ውስጥ እንደ ቁጥር ይቀመጥና ሌሎች ተመራማሪዎች እውነት ብለው ይጠቅሱታል።